አጠቃላይ ገጽታ፦ መልካም

«የሰውን ፊት ስታሳምር ትውላለች፤ የገዛ እህቷ ፊት ግን አመድ መስሏል።»

ይህን ያለችው የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ናት። ያለችው ለጎረቤቷ ነበር፤ ነገር ግን ሚጢ ቆሻሻ ልትጥል በደረጃው ስትወርድ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ሰማቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ጠዋት የሚጢ ጆሮ ግን ከዘመድም ዘመድ ሆኖ፣ የሴትዮዋን ነገር አንዲት ቃል ሳያስቀር አመጣላት። ፌስታሉን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ወርዳ «ምን አልሽ አንቺ?» ማለት ትችል ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የውበት ሳሎን ውስጥ የሠራች ሴት ምላስ አያጥራትም። ያስቸገራት፣ የተባለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። የእህቷ ፊት እውነትም አመድ መስሏል፤ እሷም እውነትም የሰው ፊት ስታሳምር ነው የምትውለው። ቆሽቷ እያረረ፣ ቆሻሻውንም ሳትጥል፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ተመለሰች።

ሚጢ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ስትወለድ ቡጢ የምታክል ስለነበረች። አሁን ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ ሰውነቷም ለስሟ አልታዘዝ ብሎ ሰፋ ብሏል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ደንበኛው ሁሉ ሚጢ ነው የሚላት። እሷ ታላቋን እታለም ትላታለች። እታለም አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አንሶላ ትተኩሳለች። እዚያ የሚተኮሰው በእጅ ካውያ አይደለም፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ እርጥቡን አንሶላ ለሚሽከረከር ትኩስ ብረት የሚያጎርስበት ማሽን ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ ነው የሚሠራው፤ እታለም እዚያ ማሽን አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ሚጢን ያሳደገቻት፣ በኋላም የሜካፕ ትምህርቱን የከፈለችላት፣ በዚሁ መቆም ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ልቧ ደከመ። ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም ተባለ። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ከዓይኗ ሥር አበጠ፣ ፊቷ የደረቀ ሲሚንቶ መሰለ። አራት ፎቅ ለመውጣት አራት ጊዜ ታርፋለች።

ሆቴሉ ውስጥ የተቀደደ የሚጠገንበት፣ የረገፈ ቁልፍ የሚተከልበት ትንሽ ክፍል አለ። እዚያ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፤ መስኮትም አለው። ወደዚያ ለመዛወር ግን የሕክምና ቦርዱ «ቆማ መሥራት አትችልም» ብሎ መጻፍ አለበት። ለቦርዱ ቀጠሮ አምስት ወር ጠብቀዋል። ቀጠሮው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሚጢም ለዚሁ ብላ ከሳሎኑ ፈቃድ ወስዳለች።

ስትገባ እታለም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ጫማ አድርጋ፣ ሁለተኛውን ከማድረጓ በፊት ታርፋለች። ክፍላቸው አንድ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ የተጋረደለት የማብሰያ ጥግ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንድ መስኮት። ሚጢ ፌስታሉን በሩ ሥር አስቀምጣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተተች።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

«ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ትንሽ ነገር ነው። ሰው ፊት ነው የምትቀርቢው።»

«ሐኪም ፊት እኮ ነው የምቀርበው፣ ሚጢዬ።»

«ሐኪም ሰው አይደለም?»

እታለም ለመከራከር ትንፋሽ ያስፈልጋት ነበር፤ ትንፋሿን ደግሞ ለደረጃው ቆጥባዋለች። መጥታ ተቀመጠች። ሚጢ የሥራ ቦርሳዋን ዘረገፈችው። እንዲህ ባለ ሰዓት ከጎኗ ሆኖ «ተይ» የሚላት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ስትል ኖራለች ከዚያ ወዲህ። ግን የሚላት ሰው አልነበረም፤ በጆሮዋ ውስጥ ያለችው የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ብቻ ነበረች።

መቼም ሥራዋን ታውቃለች። ፊቷን ለብ ባለ ውሃ አጠበችላት፣ ሳታሻሽ በፎጣ ተጭና አደረቀችው፣ ማለስለሻ ቅባት ቀብታ እስኪሰርግ ጠበቀች። ሳሎን ውስጥ ያሉት ልጆች ቸኩለው እርጥብ ፊት ላይ ፋውንዴሽን ሲደፉ እሷን ያማታል፤ «ቅባቱ ሳይገባ የምትቀቢው ለቆዳው ሳይሆን ለሶፍቱ ነው» ትላቸዋለች። ቀለሙን በእጅ ጀርባ አልሞከረችም፤ እጅና ፊት አንድ ዓይነት ፀሐይ አያዩም። ከአገጯ ጎን ሦስት ትንንሽ መስመር አሰመረችና በመስኮቱ ብርሃን እየተጠጋችም እየራቀችም አየችው። አንዱ ይቀላል፣ አንዱ ይጨልማል፣ መሐለኛው ግን ጠፋ። የጠፋው ነው ትክክለኛው። ከዚያ በፊት ግን የዓይኗን ሥር ጥቁረት በብርቱካንማ ቀለም ነካ ነካ አደረገችው፤ ሰማያዊን የሚገድለው ብርቱካንማ ነው፣ ይህን ያላወቀ ሰው አመድ ላይ አመድ ነው የሚጨምረው። ስፖንጁን አርሳ ጨመቀችው። ፋውንዴሽኑን ከፊቷ መሐል ጀምራ ወደ ዳር፣ እየተጫነች እንጂ ሳትጎትት፣ ስስ አድርጋ አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ሲል ደግሞ በጎደለው ቦታ ብቻ ሁለተኛ ጊዜ፣ ወደ አንገቷም አወረደችው። ፓውደር ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ብቻ። ጉንጯ ላይ ደም ያለበት የሚመስል አንዲት ንክኪ፣ ከንፈሯ ላይ የከንፈር የሚመስል ቀለም። ለሙሽራ ይህን ሥራ ስትሠራ የምትጠይቀው ዋጋ የእታለምን የሳምንት ደሞዝ ያህላል። ሚጢ ለደንበኞቿ ሁልጊዜ የምትላት ነገር አለች፦ ጥሩ ፋውንዴሽን የተቀቡት አይመስልም፤ ሰው «ምን ተቀባሽ?» ካለሽ ገንዘብሽን መልሰሽ ውሰጂ።

ስትጨርስ መስታወቱን ሰጠቻት። እታለም መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን አየች። እንዲህ ለረጅም ጊዜ መስታወት ስታይ ሚጢ አይታት አታውቅም።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔማ እንዲህ የነበርኩት ድሮ ነው» አለች፤ መስታወቱን ግን አላስቀመጠችም።

ሲወርዱ የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ደጃፏን ትጠርግ ነበር። ቀና አለች፣ መጥረጊያዋን ያዝ አደረገች፣ እታለምን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ውይ፣ ምነው አማረብሽ! ተሻለሽ ማለት ነው?» አለች። እታለም «ተመስገን» አለች። የሚጢ ሆድ ቅቤ ጠጣ። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት እያስታወሰች ፈገግ ስትል፣ እህቷ ስንት ጊዜ ለማረፍ እንደቆመች አልቆጠረችም።

ቦርዱ የሚቀመጥበት ሕንፃ ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ የነበረ። ሃያ ያህል ሰው ተቀምጧል። ሚጢ በሥራ ልማዷ ፊት ማየት ጀመረች፣ ማየቷም ደስታዋን ቀዘቀዘባት። እዚያ ያለው ፊት ሁሉ ቢጫ ነው፣ ወይ ግራጫ ነው፣ ወይ ያበጠ ነው። መሐላቸው እታለም ተቀምጣ፣ ጉንጯ ፍም መስሎ፣ ለሠርግ ተጠርታ በር የተሳሳተች ትመስላለች። ዘበኛው ስም እየመዘገበ ሲደርስ ሁለቱንም አይቶ፣ «ታማሚዋ የትኛዋ ናት?» አለ። ቀልዱን አይደለም፣ እውነቱን ነው። እታለም ስቃ አመለከተችው። ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር ሚጢም አብራት ሳቀች።

ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ሹፌር ነው፤ ጀርባውን ታሞ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቱ ነው፤ የቦርዱን ጠባይ እንደ ቤቱ መንገድ ያውቀዋል። ከሆስፒታል ያመጡትን ወረቀት ተቀብሎ አነበበው። «ሕመሟን መካከለኛ ነው የሚለው» አለ። «ከባድ ቢል ኖሮ ያልቅ ነበር፣ ቀላል ቢልም ያልቅ ነበር። መካከለኛ ሲሆን ግን ሰውየውን አይተው ነው የሚወስኑት። እንዲያው ዓይናቸው ነው ፈራጁ።» ከዚያ ቀና ብሎ የእታለምን ፊት አየ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላቸው።

ሚጢ ገባት። ያን ጊዜ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሁሉም ነገር ገባት። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሜካፕ የምታስለቅቅበት እርጥብ ሶፍት አለ። ከሦስት ሶፍት በላይ አይፈጅም፣ ሁለት ደቂቃም አይወስድም። ቦርሳዋን ከፈተች። ሶፍቱን በጣቷ ነካችው፣ ቅዝቃዜው በማሸጊያው አልፎ ተሰማት። ግን ምን ብላ? እዚህ ሁሉ ሰው መሐል፣ ገና አሁን የሳቀችን ሴት «ነይ ፊትሽን ልግፈፈው» ብላ? እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ የሠራችውን ማጥፋት አሳዝኗት ነበር። እንደዚያ ቀን ያማረ ሥራ ከእጇ ከወጣ ቆይቷል። ቦርሳዋን ዘጋች። ደግማ ከፈተች። ደግማ ዘጋች።

እታለም ተነሳች። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለችና ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄደች። እዚያ የውሃ ቧንቧና መታጠቢያ አለ፤ ሲገቡ ሚጢ አይታዋለች። «ታጥባው ትመጣ ይሆን?» ብላ አሰበች። ይህን ስታስብ ልቧ ውስጥ የነበረውን ነገር በኋላ ለማንም አልተናገረችውም። እታለም ፊቷ እንዳማረ ብቅ ስትል፣ ሚጢ እፎይ ነበር ያለችው። ዕድሜ ልኳን የምትጸጸተው ከሁሉ በላይ በዚያች እፎይታ ነው።

ተራቸው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው አለ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ሰብሳቢ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ። ለሚጢ በሩ አጠገብ መቆም ተፈቀደላት። ወጣቷ ሐኪም የእታለምን ደረት አዳመጠች፤ ደጋግማ አዳመጠች፤ ከዚያ «ልቧ ያልተለመደ ድምፅ አለው፣ ዶክተር» አለች።

«ድምፁማ ወረቀቱም ላይ አለ» አሉ ሰብሳቢው። መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው እታለምን ትኩር ብለው አዩዋት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አስተያየታቸው የአባት ነበር። «ግን ፊቷን እዪው እስቲ። ከኔና ካንቺ አይሻልም?» ወጣቷ ሐኪም አየች። ሳቅ አለች። «እንቅልፍ ትተኛለሽ?» ብለው ጠየቋት። «እተኛለሁ» አለች እታለም፤ በሦስት ትራስ ተደግፋ እንደምትተኛ አልጨመረችም፤ ያልተጠየቀችውን መናገር አታውቅበትም። ሚጢ በሩ ሥር ሆና «እጇን እዩት፣ ጥፍሯን እዩት» ትላለች በሆዷ። ጥፍሯ ሰማያዊ ነው፣ ጥፍሯን አልቀባችውም። እታለም ግን በረኪና የበላው እጇ ሁልጊዜ ስለሚያሳፍራት፣ እንደ ልማዷ በሻርፗ ጫፍ ሸፍናዋለች። ሚጢ አፏን ከፈተች። ቀብቻት ነው ብትል አጭበርባሪ የሚሏቸው መሰላት፤ ምላሷ ተሳሰረ። ጸሐፊው ቅጹ ላይ ሲጽፍ ከቆመችበት ይነበብ ነበር፦ «አጠቃላይ ገጽታ፦ መልካም»። ሁሉም ነገር አራት ደቂቃ አልፈጀም። የቀባቻት አርባ ደቂቃ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ እታለምን ካስቀመጠች በኋላ ሚጢ ምላሷ ተፈታላት፣ ከረፈደ። ጸሐፊው ማኅተም ሊያስመታ ሲወጣ ተከትላ ያዘችው። «ወንድሜ፣ ፊቷን እኔ ቀብቻት ነው። እንዲያ አይደለችም፣ በእግዜር። አሁን ልጥረግላችሁና አንዴ ይዩዋት» አለችው። ጸሐፊው ቆሞ ቀና ብሎ አያት፤ የታከተው ሰው ነው፣ ግን አልተቆጣም። «እናቴ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ታማሚ ለመምሰል ዱቄት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አንዱማ ባለፈው ጥላሸት ዓይኑ ሥር ተቀብቶ መጥቶ ነበር። ጤነኛ ለመምሰል ተቀብቶ የመጣ ሰው ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አላየሁም። አሁን ቆማ መሥራት ትችላለች ተብሎ ተፈርሟል። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ።» የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሄደ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እታለም በመስኮቱ ታያለች፤ ሚጢ የእታለምን መልክ በመስኮቱ መስታወት ላይ ታያለች። ደረጃው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያው ፎቅ ላይ አረፉ፣ ሁለተኛው ላይ አረፉ፣ ሦስተኛው ላይ እታለም ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይነሳል ይወድቃል፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይዘላል፣ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። ፊቷ ግን አልደከመም ነበር። ፊቷ እንዳማረ ነው፣ ጉንጯ እንደቀላ ነው፤ ላቡ እንኳ አላበላሸውም፤ ሚጢ ላብ የማያበላሸውን ዓይነት ነበር የቀባቻት። ያን ፊት ማየት አቃታት። ወደ ግድግዳው ዞረች።

በሩ ሥር የጠዋቱ ፌስታል እንደተቀመጠ ነው። ፀሐይ ወደ ሌላኛው ወገን ዞራ መስኮቱ ቀዝቅዟል። ሚጢ ወንበሩን ጠዋት ያስቀመጠችበት ቦታ መልሳ አስቀመጠች፣ እታለምም ሳትጠየቅ መጥታ ተቀመጠች። ጥጥ አረሰችና ከግንባሯ ጀመረች። ጥጡ ላይ መልኳ ወጣ፣ ከሥሩ ሲሚንቶው መጣ። ጉንጯ ወጣ፣ ከንፈሯ ወጣ።

«ታጥቤው ልመጣ ነበር እኮ» አለች እታለም፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«መቼ?»

«ያ ሹፌር ያን ሲል። ሽንት ቤት ያልኩሽ ጊዜ። ውሃውን ከፈትኩት፤ እዚያም መስታወት ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንቺ እንዲያ የለፋሽበትን እንዴት ብዬ ልጠበው? ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሽ ደቂቃ ብዬ ነው።»

ሚጢ ጥጡን ይዛ ቆመች። «እኔም ሶፍቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ስትከፍቺ ስትዘጊ አይቼሻለሁ።»

ከታች የሆነ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። ሚጢ ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ልታለቅስ የሚገባት እሷ ሳትሆን አጠገቧ የተቀመጠችው ናት፣ እሷ ደግሞ አላለቀሰችም። አንገቷን ጨርሳ ፎጣውን ስታጥፍ እታለም ዓይኗን ገለጠች።

«ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረሽኝ ተነሺ። ይህንኑ ትሠሪኛለሽ።»

«ለማሽኑ ነው የምትዋቢው?»

«ለአለቃዬ ነው። ቦርዱ መልካም ብሎ ጽፎ፣ እኔ አመድ መስዬ ብገባ፣ ሥራ ጠልታ ነው የምታስመስለው ነው የሚለኝ። ከዚያ በሩን ነው የሚያሳየኝ። ወረቀቱን ልምሰል።»

ሚጢ «ተይ እንጂ» ልትል ነበር፤ ጠዋት ልትለው የሚገባትን አሁን ማለት ዋጋ የለውም። «እሺ» አለች። ስፖንጁን በሳሙና አጠበችው፣ ጨምቃ፣ ለነገ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የፋውንዴሽኑን ጠርሙስ አንስታ በቀረው ብርሃን ላይ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከግማሽ በላይ አለው። ስስ አድርጋ ከቀባች ስድስት ወር ያደርሳል።